መጠይቁን ከመዘርጋታችሁ በፊት

በሥነ ልቦና፣ በሶሻል ወርክ ወይም በነርሲንግ ለምትማሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ኦቲዝም (ንግግርን፣ ከሰው ጋር መግባባትንና ባሕርይን የሚነካ የእድገት ሁኔታ) ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ ወላጆች ላይ ለመሥራት ላሰባችሁ ልጆቼ፦

ይህን ርእስ የምትመርጡ ወጣቶች ስትበዙ ሳይ ደስ ይለኛል። እኔ በአእምሮ ጤና ነርስነት ሥራ ስጀምር ቃሉን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በክሊኒክና በጥናት ሥራ ነው። የተማርኩትን፣ ይልቁንም የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት አልረሳም። የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ነበር የመጣችው። ልጁ አይናገርም። የመንገዱ ጫጫታ ረብሾት እጁን ይነክስ ነበር። እኔም ወረቀቴን ዘርግቼ በተጻፈው ቅደም ተከተል ጀመርኩ፦ በእርግዝናሽ ጊዜ ታመሽ ነበር? መድኃኒት ወስደሽ ነበር? ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ምጥሽስ እንዴት ነበር? አራተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና "አንቺም እህቴ፣ ከእኔ ነው የመጣው ልትዪኝ ነው?" አለችኝ።

ለሕክምና ታሪክ ጥያቄዎቹ ስህተት አልነበሩም። ግን አማቷም፣ ጎረቤቷም ሲጠይቋት የከረሙትን እኔም ነጭ ጋውን ለብሼ ደገምኩላት። የቀረውን በ"አዎ" እና በ"አይ" ብቻ መለሰችልኝ። ቅጹ ሞልቶ ነበር፤ ስለዚያች ሴት ኑሮ የማውቀው ነገር ግን አልነበረም።

እኛ ባለሙያዎች ለእነዚህ ወላጆች ያልተከፈለ ዕዳ አለብን። የሕጻናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ሕጻናትን አይቶ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲገልጥ ሁኔታው ከልጆቹ ጋር የተወለደ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ቆይቶ ግን የወላጆቹን ፍቅር ማነስ ማንሳት ጀመረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ በተለይ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጫኑት። ልጃቸውን ሊያሳክሙ የመጡ ሴቶች እንደ በረዶ የቀዘቀዙ እናቶች ተባሉ። ይህን ከተቃወሙት ቀዳሚው የሥነ ልቦና ባለሙያው በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞቹ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር ቢያንስ አንዱ ልጅ ኦቲዝም ያለበትን 21 ጥንድ መንታዎች አጠኑ። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት፣ በዘር የወረሱት አንድ ዓይነት ከሆነው 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ያለባቸው አንድም ጥንድ አልነበረም። ነገሩ በተፈጥሮ የሚመጣ እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ እየጠራ ሄደ። በእኛ አገር ያው ወቀሳ በሌላ ስም ይመጣል፤ እርግማን፣ ልክፍት፣ የወላጅ ኃጢአት።

ደጀኔ ጥላሁንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙትን ጥናት ሳታነቡ መጠይቅ አትጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሕጻናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ነው የጠየቁት። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎችም በውስጡ አሉ። 45.1 ከመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 ከመቶው ሊደብቁት እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ስለ መነሻው 40.2 ከመቶው መንፈስን፣ 30.4 ከመቶው የጭንቅላት ጉዳትን አንሥተዋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ወገኖች እንዳይመስሏችሁ። ልጇን ማለዳ ጠበል የምታስጠምቀውና ከሰዓት ክሊኒክ ወረፋ የምትይዘው ብዙ ጊዜ አንዲት እናት ናት።

ከዚያው ጥናት ለተማሪ የሚያስቸግር ውጤት ላንሣ። ጠበልን ወደመሳሰሉ ባህላዊ ተቋማት የሄዱት አሳዳጊዎች የበለጠ መገለል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። "እዚያ መሄዳቸው መገለሉን አመጣ" ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መረጃው የተሰበሰበው በአንድ ወቅት ነው፤ መገለሉ ራሱ ወደዚያ ገፍቷቸው ሊሆን ይችላል። ደግሞም 102ቱ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። በር ተዘግቶበት ቤት የሚውለው ልጅና የእሱ እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። በእናንተ ጥናት ውስጥም እንዳይቀሩ ከአሁኑ አስቡበት።

ስለ ትርጉም በብርቱ እለምናችኋለሁ። ከእንግሊዝኛ የመጣ መጠይቅ ላይ "በልጅሽ ታፍሪያለሽ?" የሚል ጥያቄ ነበረን። አንዲት እናት "በልጄስ አላፍርም፤ የሰው ዓይን ነው የሚያሳቅቀኝ" አለችኝ። "አዎ" ላይ ምልክት ላድርግ "አይ" ላይ? ማፈርና መሳቀቅ አንድ አይደሉም። አንዱ ከውስጥ ነው፤ ሌላው ታክሲ ውስጥ ዞር ብሎ ከሚያፈጠው ሰው የሚመጣ ነው። "ሐሳብ ይዞኛል" የምትል እናትም ጭንቀት አለባት ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ሐሳቧ ምን እንደሆነ ጠይቋት፤ አብዛኞቹ "እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?" ይሏችኋል። ይህን የሚይዝ ሣጥን በመጠይቃችሁ ላይ ከሌለ ጨምሩ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ቁጥር 74.5 ነው። በዚያው በእነ ደጀኔ ጥናት አሳዳጊዎቹ ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ከመቶው ይህን ያህሉ የልጃቸውን ትምህርት ተናገሩ፤ የገንዘብ ድጋፍ ያሉት 30.4 ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት አጥተው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ሥራ ነው። ስለዚህ ወላጅን ጥያቄ መላሽ ብቻ አታድርጉ፤ የጥናቱ ጥያቄ ሲረቀቅም አጠገባችሁ ይቀመጡ።

ቤታቸውም ሂዱ። በእኛ አገር ሁኔታ ተቃኝቶ የተሞከረው የዓለም ጤና ድርጅት የአሳዳጊዎች ሥልጠና ከ9 የቡድን ትምህርቶች ጋር 3 የቤት ለቤት ጉብኝት አለው። አባትየውንና አያትየውን የምታገኙት እዚያ ነው። ክሊኒክ ካስመጣችኋቸው የታክሲውን ክፈሉ፤ እናት ስትናገር ልጁን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ያቺ እናት ከወራት በኋላ ለቀጠሮ ተመለሰች። ወረቀት አልያዝኩም። "ልጅሽ ምን ደስ ይለዋል?" አልኳት። ፈገግ አለች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ቧንቧ ሲንጠባጠብ ማየት እንደሚወድ፣ ማታ ማታ ባልዲ ሥር አብራው እንደምትቀመጥ ነገረችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ያልጠየቅኋትን የእርግዝናዋን ነገርም ራሷ አነሣችው።