ለሜክሲኮው ካፌ የትኛው ሶላር ይሻላል? (መልስ)

ሰላም እህቴ፣ ሜክሲኮ ላለው ካፌዬ ባትሪ የሌለው ሶላር ይበቃኛል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ አይበቃሽም ባይ ነኝ። ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር (የፀሐዩን ኃይል ዕቃዎችሽ ወደሚጠቀሙት መብራት የሚቀይረው ማለቴ ነው) መብራት ሲጠፋ አብሮ ነው የሚጠፋው፣ ፀሐይዋ አናትሽ ላይ ብትሆንም፤ መስመር ሊጠግን ፖል ላይ የወጣውን ሰውዬ ኤሌክትሪክ እንዳይዘው ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ያንቺ ችግር ደሞ ያው የመብራት መጥፋት ነው አይደል? ስለዚህ ሃይብሪድ አስገቢ፣ ቀን ከፀሐይ፣ ሲጎድል ከመስመሩ፣ ሲጠፋ ከባትሪው ይሰጥሻል።

ግን በናትሽ ሁሉንም ዕቃ አትጫኚበት! የማኪያቶ ማሽኑ ብቻውን 3 ኪሎዋት ሊስብ ይችላል፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ላይ እሱና ኦቭኑ አንዴ ከበሩ ቀጥ ይልብሻል። ፍሪጅ፣ አምፖልና ዋይፋዩን ለብቻ መስመር አስዘርጊላቸው፣ ማሽኑ ባለበት ይቅር። ባትሪው ሊትየም ይሁን፣ የአሲዱ ሁሌ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ነው የሚሞተው። ሻጮቹ በግንቦት ፀሐይ የሠሩትን የኃይል ሂሳብም አትቀበያቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደመናው በደንብ ይቀንሰዋል።

ሳትከፍዪ በፊት ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥተሽ የጎረቤት ፎቅ ጥላ የት ጋ እንደሚያርፍ እዪ፣ ተከራይ ከሆንሽም የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።