የአባቴ ባለኮፍያ ዘፋኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እኔ ብቸኛ ሴት ልጁ ነኝ። የአሰብን መንገድ ሲመላለስ የሚሰማው አንድ የእንግሊዝኛ ካሴት አለው። ሽፋኑ ላይ ጺማም፣ ባለኮፍያ ፈረንጅ አለ። ባለፈው እሑድ ቴፑ ካሴቱን በላው። አባቴ ከተወሳሰበው ክር ጋር ሲታገል ቆይቶ «ይሄ ዶን ዊሊያምስ ዛሬም ይዘፍን ይሆን?» አለኝ። በስልኬ ብፈልግ ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። ዝም አልኩ። ለመሆኑ ማን ነበር? ለአባቴስ ልንገረው?
የሹፌሩ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የሹፌሩ ልጅ፣ ደብዳቤሽ የት ወሰደኝ መሰለሽ። በወጣትነቴ ሙዚቃ ቤት ካሴት እየቀዳሁ ነበር የምተዳደረው። ስሙን የማያውቁ ደንበኞች መጥተው «ያንን ቀስ ብሎ የሚዘፍነውን ቅዳልኝ» ይሉኛል። ሌላ ምልክት አያስፈልገኝም። 60 ደቂቃው ሳይሞላ ዘፈን ካለቀብኝም ትርፉን በእሱ እሞላዋለሁ። አንድም ሰው ካሴት መልሶብኝ አያውቅም።

ዶን ዊሊያምስ እንደ ፈረንጆቹ በ1939 ቴክሳስ ውስጥ ፍሎይዳዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ3 ዓመቱ ተወዳድሮ የተሸለመው የሚደውል ሰዓት ነው። የ3 ዓመት ልጅ ሰዓት ምን ያደርግለታል አትበይኝ። ጊታር ያስተማረችው እናቱ ናት። በ1960ዎቹ ፖዞ ሴኮ ከተባለ ቡድን ጋር ዘፍኖ ትንሽ ታወቀ። ቡድኑ ሲበተን አገሩ ተመለሰና ከአማቱ ጋር የቤት ዕቃ ንግድ ገባ። ያ ድምፅ ሶፋ ሲሸጥ አስቢው!

ደግነቱ ብዙም አልቆየበትም። የሙዚቃ ከተማ ወደምትባለው ናሽቪል ሄዶ ዘፈን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከዚያ ራሱ ማይክ ጨበጠ። በ1974 አንድ ዘፈኑ የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። እስኪበቃው ድረስ 17 ዘፈኖች እዚያ ቦታ ደርሰውለታል። በ1978 የዓመቱ ምርጥ ወንድ ካንትሪ ዘፋኝ ተባለ። በ1980 የወጣው «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ደግሞ ካንትሪ የማይሰማውንም አሜሪካዊ ጆሮ ያዘ። አባትሽ ካሴት ላይ መኖሩን በገንዘብ እወራረዳለሁ።

መድረክ ላይ አይዘልም፣ አይጮህም። የቡና ኩባያውን ይዞ ይወጣል፣ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ይዘፍናል። በቃ። ቁመቱም ዘለግ ያለ ስለነበር «ገራሙ ግዙፍ» ይሉታል። ሚስቱንም በ1960 አግብቶ እስኪሞት አብሯት ኖረ። ለሐሜት የሚሆን ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ።

አፍሪካ ውስጥ ለምን ተወደደ ካልሽኝ፣ እኔ ቃሉ ስለሚሰማ ነው ባይ ነኝ። ሌሎቹ ፈረንጆች ሲዘፍኑ ግማሹን በግምት ነበር የምንሞላው። እሱ ግን እያንዳንዱን ቃል ቁጭ አድርጎልሽ ያልፋል። በ1997 ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ድረስ መጥቶ ዘፍኗል፤ ያ ኮንሰርት በቪዲዮም ወጥቷል፣ ፈልጊና ከአባትሽ ጋር እዩት።

በ2006 «የመጨረሻዬ ነው» ብሎ ተሰናበተ። ቤት መዋል አላስቻለውም መሰለኝ በ2010 ተመለሰ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የተቀበለውም በዚያው ዓመት ነው። በ2016 የምር ጡረታ ወጣ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2017፣ በ78 ዓመቱ አረፈ።

ንገሪው እንጂ። ከጎረቤት ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማ ይሻለዋል። ግን መጀመሪያ ካሴቱ ይዳን። ክሩን ጎትታችሁ እንዳትበጥሱት፤ ቴፑ ውስጥ ክሩን ከሚጎትተው ትንሽ ጎማ ላይ በጣት በጣት አላቁት። የተጨማደደውን በለስላሳ ጨርቅ አስተካክሉ። ከዚያ ቢክ እስክሪብቶ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሰክተሽ ለአባትሽ ስጪው። እሱ እየጠቀለለ ሳለ ንገሪው፤ እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ይቀለዋል።

መልሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ታዲያ የቴፑን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ብረት) እና ጎማውን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። አለዚያ ደግሞ ይበላዋል።