«ስማችሁን ቀይሩ ተባልን»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ደግሞ ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር፣ በዓላትንና አጽዋማትንም የሚያወጣ አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ) ሠርተን ኮዱን በነፃ ለቀቅነው። ቀስ በቀስ ሰው ይጠቀምበት ጀመር። በቅርቡ ግን ከአንድ ድርጅት ኢሜይል መጣልን። «የፕሮጀክታችሁ ስም የኛ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፣ ቀይሩ» ይላል። መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድነው። ኮዱን የጻፍነው እኛ፣ ላይሰንሱ ክፍት፣ ታዲያ ማን ከልካይ አለብን አልን። አሁን ስንረጋጋ መቀየሩ ሳይሻል አይቀርም ብለናል፣ ግን በምን እንተካው? «ባሕረ ሐሳብ»፣ «ጳጉሜ»፣ «ቀመር» እና ከፊቱ «ኢትዮ» ያለበት አንድ ስም ቀርበዋል። ሁለት ሳምንት ቴሌግራም ላይ ስንከራከር ቆየን፣ አልተስማማንም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሞቼና እህቴ፣ መጀመሪያ የተናደዳችሁበትን ነገር እናጥራው። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚያ ላይ ነው። ክፍት ላይሰንስ የሚያወራው ስለ ኮዱ ነው። ውሰድ፣ ቀይር፣ አባዛ፣ ከፈለግህም ሽጥ ይላል። ስለ ስሙ ግን ወይ ዝም ይላል ወይ በግልጽ ይከለክላል። ኤምአይቲ ላይሰንስ ስለ ንግድ ምልክት አንድም ቃል የለውም። አፓቼ 2.0 የሚባለው ላይሰንስ ደግሞ ስድስተኛው ክፍሉ ላይ የስምና የምልክት ፈቃድ አልሰጥም ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ኮዱ ከላይ እስከ ታች የናንተ ሆኖ ስሙ የሌላ ሊሆን ይችላል።

ከናንተ በፊት ትልልቆቹም በዚህ መንገድ አልፈዋል። ጄራልድ ኮምብስ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቴሪያል የተባለ፣ በኔትወርክ ውስጥ የሚያልፈውን ዳታ አንድ በአንድ የሚያሳይ ፕሮግራም ለቀቀ (እዚህ የምጠራቸው የፕሮጀክት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እናንተ ደግሞ መቀየሪያው በእጃችሁ ነው)። በ2006 ሥራ ሲለውጥ ኮዱን ይዞ መሄድ ቻለ፣ ስሙን ግን አልቻለም፣ የንግድ ምልክቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ነበርና። ዋይርሻርክ ብሎ ቀጠለ። ዛሬ ኔትወርክ የሚማር ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዋይርሻርክን ነው፣ ኢቴሪያልን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። በ2010 ኦራክል የተባለው ኩባንያ የኦፕንኦፊስን (የጽሑፍና የሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ባለቤት ሰንን ከገዛ በኋላ ከገንቢዎቹ ብዙዎቹ ሲወጡ የደረሰባቸውም ይሄው ነው። ኮዱን ወሰዱ፣ ስሙ ቀረ፣ ሊብሬኦፊስ ተወለደ። በ2011 ደግሞ ሃድሰን የሚባለው፣ ኮድን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ ፕሮጀክት ስሙ የኦራክል ነው ስለተባለ ማኅበረሰቡ ድምፅ ሰጠና በ214 ለ14 ጄንኪንስ ሆነ። ሦስቱም በአዲሱ ስማቸው ከበፊቱ የበለጠ ታወቁ። ይህን የምላችሁ ስም ከተቀየረ ተጠቃሚው ይበተናል የሚለው ስጋት እንዳያስጨንቃችሁ ነው።

ይሄ ማለት ግን ኢሜይል የጻፈ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በየአገሩና በየዕቃው ዓይነት ነው። የሻይ ቅጠል ላይ የተመዘገበ ስም ሶፍትዌር ላይ የግድ አያግዳችሁም። እኛ አገር ጉዳዩ የሚገዛው በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በጨዋ ቋንቋ የምዝገባ ቁጥሩን፣ አገሩንና የተመዘገበበትን የዕቃ ምድብ ጠይቋቸው፣ ከተቻለም የምታውቁት ጠበቃ ይየው። እኔ ግን ሐቁ ከናንተ ጋር ቢሆን እንኳን ቀይሩ ነው የምለው። አራት ሰው በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው ነገር ነው፣ የክርክር ጉልበታችሁን ለኮዱ አውሉት። ደግሞም አሁን ትንሽ ናችሁ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከምትቀይሩት ዛሬ ብትቀይሩት ይቀላል።

ብቻ አንድ ጊዜ ቀይሩ። ፋየርፎክስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2002 ሲወጣ ስሙ ፊኒክስ ነበር። ፊኒክስ ቴክኖሎጂስ የሚባል ኩባንያ ስሙ የኔ ነው ስላለ በ2003 ሚያዝያ አካባቢ ፋየርበርድ ተባለ። ፋየርበርድ ደግሞ ቀድሞ የነበረ የክፍት ምንጭ ዳታቤዝ ነው! እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ አንዱ ዳታቤዝ ነው፣ ሌላው ብሮውዘር፣ ሰው አያምታታቸውም ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። የዳታቤዙ ሰዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙ፣ እውነታቸውን ነው፣ ትልቁ ስም ትንሹን ሰርች ላይ ይውጠዋል። በ2004 የካቲት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀየረና ፋየርፎክስ ሆነ። በዚህኛው ጊዜ ግን ተምረዋል፣ ስሙን ይፋ ከማድረጋቸው በፊት የንግድ ምልክት ምዝገባውን ጀምረው ነበር። እናንተ ሁለተኛውን ደረጃ ዝለሉት፣ ከአንድ ፀብ ወጥታችሁ ሌላ ፀብ ውስጥ አትግቡ።

ወደ ስሞቻችሁ ልምጣ።

«ኢትዮ» ከፊቱ ያለበትን ተዉት። ስልካችሁን ከፍታችሁ «ኢትዮ» ብላችሁ ፈልጉ፣ የሚወጣውን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያ ሁሉ መሃል ማን ይለያችኋል? ደግሞ ይህ አቆጣጠር የኤርትራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የምትጠቀምበት ነው፣ እዚያ ያለን ተጠቃሚ ከበሩ አትመልሱት።

«ባሕረ ሐሳብ» ደስ ይላል፣ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ትምህርት ሁሉ ስም ነው። የሺህ ዓመት ዕውቀት ስም ወስዶ አንድ ላይብረሪ ላይ መለጠፍ ይከብደኛል። ሰርች ያደረገ ሰውም የሚያገኘው ትምህርቱን እንጂ እናንተን አይደለም። ርዝመቱም አለ፣ ኮድ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ የሚጻፍ ነገር ነው።

«ጳጉሜ» ልቤን ነክቶታል። ከግሪክኛው «ጭማሪ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛ ወር ያለችው ካላንደር ላይ ከዚህ የተሻለ ምን ስም ይገኛል? ችግሩ አጻጻፉ ነው። እኛ ራሳችን በአማርኛ አንዴ ጳጉሜ፣ አንዴ ጳጉሜን፣ አንዴ ጷግሜ እንላለን። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይባስ፣ መጨረሻው ላይ ኤን ይግባ አይግባ የሚስማማ ሰው የለም። «ቀመር»ም እንደዚያው ነው። አንዱ በኪው ይጀምረዋል፣ ሌላው በኬ። በኬ የጻፈው ሰው ሰርች ሲያደርግ ቱርክ አገር አንታሊያ አጠገብ ያለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ትመጣለታለች።

በግዕዝ ፊደል እንጻፈው እንዳትሉኝ፣ እኔም በጣም በወደድኩ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት መደበኛ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ፓይተን 3 በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይም የቫሪያብል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የፓኬጅ ስም ላይ ግን አሁንም ግድግዳ አለ። የፓይተን ላይብረሪዎች የሚወጡበት ፓይፒአይ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሦስት ምልክቶች ብቻ ነው፣ የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤምም ለአዲስ ፓኬጅ የኛን ፊደል አይቀበልም። ስለዚህ ሎጎው ላይ በፊደላችን አድምቃችሁ ጻፉት፣ አንድ የላቲን አጻጻፍ ግን መርጣችሁ ከሱ ንቅንቅ አትበሉ።

እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ለአምስት ሰው ስልክ ደውሉ፣ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ፣ ከዚያ በላቲን ፊደል ጽፈው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። አምስቱ አራት ዓይነት አድርገው ከጻፉት ስሙ አይሆንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጓደኛችሁ ደግሞ አማርኛ የማይችሉ የሥራ ባልደረቦቿን ትጨምር። እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ያሉት ድምፆች እዚያ ላይ ነው የሚወድቁት። ሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎችንም ጠይቁ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ቃሉ ሌላ የማያምር ትርጉም እንዳይኖረው። ጁምላ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ታውቁታላችሁ? እሱም በ2005 ማምቦ ከሚባለው ፕሮጀክት የወጡ ገንቢዎች ያወጡት አዲስ ስም ነው፣ ከስዋሂሊው የተወሰደ፣ «ሁሉም በአንድነት» ለማለት። እኛ ጆሮ ሲደርስ ግን «ጅምላ» ነው፣ መርካቶ በጅምላ የሚሸጠው ሰውዬ ነው የሚታየን፣ በጅምላ መፍረድም አለ። ሥሩ ከዐረብኛ የመጣ ያው ቃል ሆኖ ጆሮ ላይ ግን እንዲህ ይለያያል።

አንድ ሐሳብ ከኔ ልጨምር፦ «ወንበር»። በዓላት የሚያወጣውን ኮድ የጻፈው ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ዓመተ ዓለሙን (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረውን ዓመት) ለ19 አካፍለን ከቀሪው አንድ ስንቀንስ የሚገኘው ቁጥር ወንበር ይባላል። የ2018ን እንሥራ፣ 5500 ሲደመርበት 7518 ነው፣ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት (ሠላሳ ሠላሳውን ጥላችሁ ቀሪውን ስትይዙ) አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉት መጥቅዑ 18፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30። ፋሲካም ጾሙም የሚወጣው ከዚህ ነው፣ ሁሉም በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። «ወንበር ዘርግቶ አስተማረ» የሚለውም ስለ ሊቃውንቱ የምንለው ነው። ድምፁ ለማንም አይከብድም፣ አጻጻፉም ብዙ አያወላዳም። እንከኑን አልደብቅም፣ የሥልጣን ወንበርም አለ፣ ወሬውን ወደዚያ የሚወስድ ሰው አይጠፋም። በአማርኛ ሰርች ሲደረግም የቤት ዕቃ ሻጮች ይቀድሟችኋል። ቢሆንም ካቀረባችኋቸው አራቱ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከናንተ መሃል ተቃውሞ ካለ ግን የናንተ ይቅደም፣ ከስሙ ጋር የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ፍተሻ ላይ አጥፉ። ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ፣ ኤንፒኤም፣ ፓይፒአይ፣ ዶሜይን፣ ቴሌግራም ላይ የሚገኘው ስም። ፓይፒአይ ትልቅና ትንሽ ፊደልን፣ ሰረዝንና ነጥብን አይለይም፣ ስለዚህ በሰረዝ ብቻ የሚለይ ስም እንደተያዘ ቁጠሩት። የንግድ ምልክቱን በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የብራንድ ዳታቤዝ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፣ የአውሮፓው ቲኤምቪውም ነፃ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁት ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቅየራው ራሱ በአንድ ቀን ይለቅ። ጊትሃብ ላይ ሪፖው (የኮዱ ማስቀመጫ) ስሙ ሲቀየር የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ ይመራል፣ ነገር ግን በድሮው ስም አዲስ ሪፖ ከከፈታችሁ መምራቱን ያቆማል፣ ስለዚህ አትንኩት። ኤንፒኤምና ፓይፒአይ ላይ ስም መቀየር የሚባል ነገር የለም፣ በአዲሱ ስም እንደ አዲስ ታወጣላችሁ። የድሮውን ግን አታጥፉት! የሰው ፕሮግራም በላዩ ቆሟል። ወደ አዲሱ የሚጠራ የመጨረሻ እትም አውጡና «ወደዚህ ዞረናል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፉበት። ይህንን ግን ድርጅቱ እንዲያውቀው በጽሑፍ አሳውቁት፣ የድሮው ስም እስከ መቼ ይቆይ የሚለውም አብሮ ይፈታል። እኔ በአንድ ወቅት የማግዘው ፕሮጀክት ስሙ ሲቀየር የሴቲንግ ፎልደሩን ስም ረስተን በአዲሱ ቀየርነው፣ ፕሮግራሙ የድሮውን ፎልደር መፈለግ አቆመ፣ የተጠቃሚው ሁሉ ምርጫ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ለሳምንታት ይቅርታ ስንጠይቅ ነው የከረምነው።

የመጨረሻው ነገር፣ ዶሜይኑና አካውንቶቹ በማን ስም ናቸው? ዛሬ ጓደኛሞች ናችሁ፣ ነገም ሁኑ። ግን የአንዳችሁ ቀጣሪ ነገ ስሙ የኔ ነው ሊል ይችላል፣ የኮምብስ ታሪክ እኮ እሱ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ ስሙ የአራታችሁ መሆኑንም አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። አዲሱን ስም ይፋ ከማድረጋችሁ በፊት አድርጉት።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። በነፃ የምለቀውን ፕሮግራም በስሟ ብሰይመው ነውር አለው?

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም ወንድሜ፣ እንዲያውም ትልቅ ወግ አለው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ስም ውስጥ ያለችው ማይ የፈጣሪው የሞንቲ ቪዴኒየስ ልጅ ናት፣ በኋላ የመጣው ማሪያዲቢም በትንሿ ልጁ በማሪያ የተሰየመ ነው። ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ደግሞ በ1993 ኢያን መርዶክ የራሱንና ያኔ የፍቅር ጓደኛው የነበረችውን የዴብራን ስም ገጥሞ ያወጣው ነው። ብቻ ሁለት ነገር ያስቡ። የልጅዎ ስም ብዙ ሰው የሚጠራበት ከሆነ ማንም ሰርች አድርጎ አያገኝዎትም፣ የቤት ስሟ ወይም አያቷ ያወጡላት ስም ካለ እሱ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ፕሮግራም ስህተት ሲኖርበት ሰው በስሙ ነው የሚያማርረው፣ «እንትና ዛሬም አልሠራችም»፣ «እንትናን አጥፍቼ ሌላ ጫንኩ» የሚል መልእክት ይመጣልዎታል። ይህንን በልጅዎ ስም ማንበብ ከቻሉ ይሰይሙት፣ ሆድዎን የሚበላዎት ከሆነ ግን በስሟ ሳይሆን በምትወደው ነገር ስም ይጥሩት።