የልጆች ጫማ ወደ ጀርመንና ወደ አሜሪካ ለመላክ የትኛው ሰርተፊኬት ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች የቆዳ ጫማ የምንሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ፍራንክፈርት የሚገኝ አንድ የጫማ ሱቅ ለሙከራ ጥቂት ጥንዶች ሊያዝዝ ፈቃደኛ ሆኗል፤ ሆኖም የደህንነት ሰነዶቹን አስቀድሜ እንድልክ ጠይቆኛል። አንድ ደላላ ደግሞ ክፍያ ከፈጸምኩ የ«ሲ ኢ» ሰርተፊኬት እንደሚያስወጣልኝና ምልክቱን ሶሉ ላይ ማተም እንደምችል ነግሮኛል። ይህ ትክክል ነው? ዕቃው ከቀረጥ ነፃ ስለሚገባስ የቀለለ አሠራር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ለደላላው ገንዘብ አይክፈሉ። የሲ ኢ (CE) ምልክት ምርቱ የአውሮፓ ኅብረትን መስፈርት እንደሚያሟላ አምራቹ የሚገልጽበት ሲሆን፣ የሚታተመው የኅብረቱ ሕግ ለይቶ በሚጠይቅባቸው ምርቶች ላይ ብቻ ነው። መጫወቻዎች፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ የሕክምና መሣሪያዎች፣ እንዲሁም እንደ ሴፍቲ ጫማ ያሉ የአደጋ መከላከያዎች ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ፤ ተራ የልጆች ጫማ ግን የለበትም። ምልክቱን በማይመለከተው ዕቃ ላይ ማተም ደግሞ ራሱ የተከለከለ በመሆኑ፣ ደላላው የሚያመጣልዎት ወረቀት ዕቃዎን ጉምሩክ ላይ ከማስያዝ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። የቀረጥ ነፃ ዕድሉም ቀረጡን ያስቀርልዎታል እንጂ ከደህንነት መስፈርቶቹ አንዱንም አያነሳልዎትም።

የእርስዎ ዋና ጉዳይ ቆዳው ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ሲሆን፣ ለዚህ የሚውለው ክሮሚየም ሦስት በራሱ ያን ያህል አሳሳቢ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ክሮሚየም በሙቀት፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ቆዳውን ለማለስለስ በሚገባው የዘይት ዓይነት ወይም አልካሊነቱ በበዛ የማቅለም ሥራ ምክንያት ወደ ክሮሚየም ስድስት ሲለወጥ ነው። ክሮሚየም ስድስት የሰውነት ቆዳን የሚያስቆጣ አለርጂ ያስከትላል። ስለዚህም «ሪች» በሚባለው የኅብረቱ የኬሚካል ደንብ መሠረት፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ዕቃ በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት 3 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ክሮሚየም ስድስት ከያዘ ለገበያ መቅረብ አይችልም። ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ የነበረ ቆዳ መጋዘን ውስጥ ሙቀት ሲመታው ቆይቶ ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት አሳልፎ ሲመረመር ሊወድቅ መቻሉ ብዙ ላኪዎችን ያስገርማል። ስለዚህ ቆዳ ፋብሪካውን የእያንዳንዱን ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ምድብ) የምርመራ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ምርመራው አይ ኤስ ኦ 17075 በተባለው ዓለም አቀፍ የክሮሚየም ስድስት መመርመሪያ ዘዴ የተሠራ ይሁን፤ ናሙናው በሙቀት እንዲያረጅ ተደርጎ ከተመረመረ ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ገበሩን አይርሱት። የልጁን እግር የሚነካው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚገዛው ከሌላ ነጋዴ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ «አዞ» (azo) ከሚባሉት የኬሚካል ማቅለሚያዎች የሚለቀቁት የታገዱ አሚኖች (ለጤና ጎጂ ኬሚካሎች) ገደብ በአንድ ኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም ነው። የቡኒው ውጤት ለቀዩ ስለማይሠራ እያንዳንዱ ቀለም ለየብቻው ይታያል። ልጅ አፉ ውስጥ ሊያስገባው የሚችል ዘለበት ወይም ማስጌጫ የእርሳስ መጠኑ ከክብደቱ 0.05 በመቶ መድረስ የለበትም። ካርቶን ውስጥ የምትጨመረው እርጥበት መምጠጫ ከረጢትም ከማይታወቅ ሻጭ አትገዛ፤ ሻጋታ ለመከላከል ሲባል በእንዲህ ዓይነት ከረጢቶች ውስጥ ይጨመር የነበረው ዲሜቲል ፉማሬት ብዙ ሰዎችን ስላቆሰለ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታግዷል።

ሱቁ የጠየቀዎት ሰነድ ምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይሆናል። ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የአጠቃላይ ምርት ደህንነት ደንብ፣ አምራቹ የምርቱን መግለጫና የአደጋ ትንተና የያዘ ቴክኒካዊ ፋይል አዘጋጅቶ ለ10 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ፋይሉን የሚያዘጋጁት እርስዎ ነዎት፤ የምርመራ ውጤቶቹም እዚያው ይገባሉ። ጫማው ላይ፣ ካልተቻለም ማሸጊያው ላይ፣ የባች ወይም የሞዴል ቁጥር፣ ስምዎ፣ የፖስታና የኢሜይል አድራሻዎ ይጻፋል። ሱቁ በቀጥታ ከእርስዎ ገዝቶ ካስገባ አስመጪ ስለሚሆን የእሱም ስምና አድራሻ ይታከላል። በኢንተርኔት በቀጥታ ለጀርመን ደንበኛ ልሽጥ ካሉ ግን ኅብረቱ ውስጥ ኃላፊነቱን የሚወስድ ተወካይ በውል መያዝ ይኖርብዎታል። የላይኛው ክፍል፣ ገበሩና ሶሉ ከምን እንደተሠሩ የሚያሳየው መለያም ከጥንዱ ቢያንስ በአንዱ ጫማ ላይ መኖር አለበት።

የምርመራ ላቦራቶሪ ሲመርጡ «አክሪዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) አለን» የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበሉ። የተረጋገጠላቸውን የምርመራ ዝርዝር ይጠይቁና እርስዎ የሚፈልጉት ዘዴ በስም መኖሩን ያረጋግጡ፤ ላቦራቶሪው ለውኃ ምርመራ ዕውቅና ኖሮት ለቆዳ ላይኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ሲሆን ከአገር ቤት የልጆች ጫማ አስመጥቼ ለመሸጥ አስቤያለሁ። አምራቹ ለአውሮፓ ያስመረመረበት ወረቀት አለው። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። በአሜሪካ ሕግ ዕቃው ከውጭ ሲገባ የልጆች ምርት መስፈርቶቹን ማሟላቱን የሚገልጸውን ሰርተፊኬት የሚያወጣው አስመጪው፣ ማለትም እርስዎ ነዎት። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሸማቾች ምርት ደህንነት ማሻሻያ ሕግ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተሠራ ምርት፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በተቀበለው ላቦራቶሪ እንዲመረመር ያዛል። አውሮፓ ላይ ለጫማ እንዲህ ያለ የላቦራቶሪ ግዴታ ስለሌለ፣ አምራቹ የያዘው ወረቀት ትክክለኛ ሆኖ ሳለ እዚህ ላያገለግል ይችላል።

ለጫማ ዋናው ምርመራ የእርሳስ ነው፤ በማንኛውም ልጁ ሊደርስበት በሚችል ክፍል ከሚሊዮን 100፣ በቀለም ቅብ ላይ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ክፍሎቹን በተናጠል ማስመርመር ስለሚፈቀድ፣ አምራቹ አንድ ዓይነት ዘለበትና አንድ ዓይነት ቆዳ ለብዙ ሞዴል ከተጠቀመ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ይህን ከማዘዝዎ በፊት ከእሱ ጋር ይስማሙ፤ መሐል ላይ ዘለበቱን ከሌላ ነጋዴ ከገዛ ሰርተፊኬትዎ ያንን ጫማ አይሸፍንም። የተመረተበትን ቦታ፣ ቀንና ባች የሚያሳይ ቋሚ ምልክትም በጫማውና በካርቶኑ ላይ እንዲታተም በውሉ ውስጥ ያስገቡት።