ጎርፍ ነፃነት አያውጅም

እህቴ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰትሽ ላይ «ጎርፉ ሲሲድ አደረገ» ብለሽ ጽፈሽ መምህሩ በቀይ አሰመረበት። «ሪሲድ እና ሲሲድ ሁለቱም መውጣት፣ መራቅ አይደሉም ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አብሽሪ፣ ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስጠና በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነገር ነው። ጆሮ «ሲድ» የሚለውን ይይዝና መነሻውን ይለቀዋል።

እኔ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ጠይቁ እላቸዋለሁ፦ የወሰነ አካል አለ?

ሪሲድ ላይ ወሳኝ የለም። ነገሩ ራሱ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ይጎድላል። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ዳር ዳሩን ካጥለቀለቀ በኋላ ውሃው ሲጎድል ሪሲድ አደረገ ይባላል። ከጥርስ የሸሸ ድድም እንደዚሁ። ፀጉርም። (ምሳሌ ሲጠፋኝ የራሴን ግንባር አሳያለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል፣ ቃሉ ግን ይያዛል።) ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ የጦሳ ተራራ ከኋላሽ እየራቀ ሲሄድም ሪሲድ ነው። ጦሳ የትም አልሄደም፣ አንቺ ነሽ የሄድሽው፤ እንግሊዝኛው ግን እንደዚያ ይላል።

ሲሲድ መገንጠል ነው። ሰዎች መክረው፣ ወስነው፣ አውጀው ከአገር፣ ከፌዴሬሽን ወይም ከማኅበር ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ ሳውዝ ካሮላይና ከአሜሪካ ሲሲድ አደረገች። 10 ግዛቶች ተከተሏት፣ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። እኛም ጋ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ላይ «መገንጠል» የሚለው በእንግሊዝኛው ቅጂ ሰሴሽን ነው፤ ከሲሲድ የወጣ ስም። እንግዲህ መምህሩ ያነበበው ጎርፉ ነፃነቱን እንዳወጀ ነው፤ ባያሰምርበት ነበር የሚገርመኝ።

አንድ ሰው ብቻውን ሥራ ሲለቅ ሲሲድ አይባልም። ብሪታንያ በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣም ይፋዊው ቃል ዊዝድሮው (መውጣት) ነበር። የኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 50 የሚጠቀመው እሱን ነው።

ለፈተና ደግሞ አጻጻፉን ልብ በዪ። ሪሲድም ሲሲድም መጨረሻቸው ሲ-ኢ-ዲ-ኢ ነው። ሁለት ኢ ተከታትሎ የሚመጣው ፕሮሲድ፣ ኤክሲድ እና ሰክሲድ ላይ ነው። ሱፐርሲድ ግን ከሁሉም ተለይቶ በሲ ፈንታ ኤስ ይወስዳል፤ ምርጫ ውስጥ ካየሽው እንዳትሸወጂ።