የቀርከሃውን ታንኳ ማን ሠራው?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው ከደባርቅ ነው። ጠያቂው ቱሪዝም የሚማር ወጣት ነው፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ትምህርት ሲዘጋ ስሜን ተራሮች ውስጥ የአስጎብኚዎች ረዳት ሆኖ ይሠራል። ያደገው ሰው በሌለበት ጫካና በረሃ ብቻቸውን ሰንብተው የሚወጡ ሰዎችን በቴሌቪዥን እያየ ነው። አንድ ቀን እንደነሱ መሆን ይፈልጋል።

በቅርቡ ከውጭ ከመጣ የቀረጻ ቡድን ጋር ሠራ። አቅራቢው ካሜራ ፊት «ብቻዬን ነኝ፣ የሚበላ የለኝም» ይላል። ሲመሽ ሳንቃበር ካምፕ ገብቶ ወጥ ቤቱ የሠራለትን ትኩስ ሾርባ ይጠጣል። ልጁ ደነገጠ። ቡድኑ ግን ሥራውን ስለወደደለት ሲመለሱ ፊክሰር፣ ማለትም የአገሩን ጉዳይ የሚያቃናላቸው ሰው፣ እንዲሆንላቸው ጠየቀው። ሦስት ነገርም አብረው ነገሩት። በቅሎዎቹና ስካውቱ (መሣሪያ ይዞ አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) ካሜራ ውስጥ እንዳይገቡ። አንድ የሚያውቃቸው አርሶ አደር ስልካቸውን ደብቀው «ፈረንጅ አይቼ አላውቅም» እንዲሉ። ሲቪው ላይ ደግሞ «ጫካ ውስጥ ያደገ አዳኝ» ብሎ እንዲጽፍ። «ጓደኞቼ ድሮም ሁሉም ውሸት ነው ብለው ሳቁብኝ። ልቀበል ወይስ ልተወው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ያንተ እንጀራ ያለው ግን እነሱ ባላዩት ግማሽ ውስጥ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዝልኝ።

ቤር ግሪልስን መቼም ታውቀዋለህ። ትል የሚበላው፣ ከገደል የሚዘለው እንግሊዛዊ። «ማን ቨርሰስ ዋይልድ» የተባለው ፕሮግራሙ ከ2006 ጀምሮ በዲስከቨሪ፣ በእንግሊዝ አገር ደግሞ በቻናል 4 ይታይ ነበር። በ2007 ፕሮግራሙ ላይ የሠራ አንድ የሰርቫይቫል (በዱር የመትረፍ) አማካሪ ጉዱን ለእንግሊዝ ጋዜጣ አወጣው። ሰው የሌለበት ደሴት የተባለው ሃዋይ ውስጥ ነው፤ ሌሊቱ ያለፈው ሞቴል ነው። ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ የዱር ፈረስ ተብለው የታዩት ለጎብኚ የሚከራዩ ገራም ፈረሶች ናቸው፤ በመኪና ተጭነው ነው የመጡት። አቅራቢው በአካባቢው ካገኘው ነገር የሠራው የተባለውን የቀርከሃ ታንኳ ደግሞ አማካሪውና ባልደረቦቹ ናቸው ቀድመው የሠሩት። ከዚያ ፈቱት። ከዚያ እሱ ሲያስረው ተቀረጸ።

ቻናል 4 ሲጠየቅ፣ ፕሮግራሙ ሰውዬው ያለማንም እርዳታ ብቻውን ተረፈ ብሎ አያውቅም አለ። ዲስከቨሪ ክፍሎቹን እንደገና አስተካክሎ ማስታወሻ ጨመረባቸው። አቅራቢውና ቡድኑ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገጥማቸው እርዳታ ያገኛሉ፤ አንዳንዱ ሁኔታም ዘዴውን ለማሳየት ተብሎ ይዘጋጃል የሚል። ፕሮግራሙ በዚህ አልሞተም፤ ለዓመታት ታየ። ሰውዬውም በሌላ ፕሮግራሙ በ2015 ኦባማን ይዞ አላስካ ገባ፤ በ2019 ደግሞ ከሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሞዲ ጋር ሕንድ ጫካ ውስጥ ተቀረጸ። ተመልካች አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ብዙ አይቀየምም። የሚቀየመው ሳይነግሩት ሲቀሩ ነው።

ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ሰውዬው ችሎታ አንሶት እንዳይመስልህ። በፓራሹት አደጋ ጀርባው ተሰብሮ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1998 ኤቨረስት ጫፍ ላይ የወጣ ነው፤ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ችግሩ መትረፍ ራሱ አሰልቺ ሥራ መሆኑ ነው። የዘርፉ አሠልጣኞች «የሦስት ሕግ» የሚሉት አለ። ያለ አየር ሦስት ደቂቃ፣ በከባድ ብርድ ወይም ሙቀት ያለ መጠለያ ሦስት ሰዓት፣ ያለ ውሃ ሦስት ቀን፣ ያለ ምግብ ሦስት ሳምንት። በግምት ነው እንጂ ሰዓት ተይዞ አይደለም። ምግብ መጨረሻ ላይ እንደመጣ አየህ? ቴሌቪዥን ላይ ግን ትል መብላት ይቀድማል። የጠፋ ሰው ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት ቁጭ ማለት ነው። ባለበት ይቆያል፣ ከብርድ ይጠለላል፣ ለሚፈልጉት ሰዎች ምልክት ያደርጋል። ገደል አይዘልም፤ ቁርጭምጭሚቱ ከዞረ አለቀለት። ሽንቱንም አይጠጣም፤ ጨዉ የባሰ ያደርቀዋል። ይሄን አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ጨነቅ ካምፕ ላይ ጉም ድንገት ሲወርድ እንግዳውን «እዚሁ ቁጭ በል፣ አትንቀሳቀስ» ነው የምትለው። እስቲ አንድ ሰው ጉም እስኪገለጥ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አርባ ደቂቃ ቅረጸው። ማን ያየዋል?

ሁሉም ፕሮግራም ግን አንድ አይደለም። ካናዳዊው ሌስ ስትራውድ በ2004 «ሰርቫይቨርማን»ን ሲጀምር ካሜራማን ይዞ አልገባም። ሰባት ቀን ያህል ብቻውን ሆኖ ራሱን ይቀርጻል። የአደጋ ጊዜ ቡድን ራቅ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ይህንንም አይደብቅም። እሱም ቢሆን ግን ወደ ሩቅ ሲሄድ የምታይበትን ምስል አስበው። ካሜራውን ይተክላል፣ ይሄዳል፣ ካሜራውን ሊያነሳ ይመለሳል፣ ያንኑ መንገድ እንደገና ይሄዳል። ተርቦና ደክሞ አንዱን ዳገት ሦስቴ ማለት ነው። ይሄ ውሸት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሠርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን እንደገና ከመኪና አስወርዶ ሲያስገባቸው ጋብቻው የውሸት ነው የሚል የለም።

ከ2015 ጀምሮ በሂስትሪ ቻናል የሚታየው «አሎን» ደግሞ አለ። አሥር ሰዎች ተራርቀው ይጣላሉ። እያንዳንዱ አሥር ዕቃ መርጦ ይይዛል፣ ራሱን ይቀርጻል። የመረረው በሳተላይት መሣሪያ ይጠራል፤ መጥተው ያወጡታል። ሐኪም እየመጣ ይመዝናቸዋል፤ ከልክ ያለፈ የከሳውን ወደደም ጠላም ያስወጡታል። በመጀመሪያው ዙር ቫንኩቨር ደሴት ላይ አንዱ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ድብ ፈርቶ ወጣ። አሸናፊው 56 ቀን ቆይቶ 500 ሺህ ዶላር ወሰደ። ሐኪሙም፣ የሳተላይት መሣሪያውም ለተመልካች ይታያሉ። ልብ ማንጠልጠሉ በዚህ አልቀነሰም።

እንግዲህ ወደ ቀረቡልህ ጥያቄዎች እንምጣ። የበቅሎዎቹ ነገር ቀላል ነው። ካሜራ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ይተዋል፤ በቅሎዎቹን ከምስሉ ውጪ ብታቆማቸው አልዋሸህም። ስካውቱ ከካሜራ ይውጣ፣ ከቦታው ግን አይራቅ። «ካምፕ ትተነው እንሂድ» ካሉህ እምቢ በል። አቅራቢው አንድ ነገር ቢሆን ፕሮዲውሰሩ አገሩ ገብቷል። ፖሊስ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ።

አርሶ አደሩ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። የስሜን ፓርክ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ1978 ጀምሮ ብትቆጥር እንኳ ስንት ዓመቱ ነው! እዚያ መንገድ ዳር እየኖሩ ፈረንጅ አላየሁም ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እሱንም የምታስዋሸው አንድ ትልቅ ሰው ነው። ቢቢሲ በ2011 ባሳየው «ሂዩማን ፕላኔት» ላይ ፓፑዋ ውስጥ የሚኖሩ የኮሮዋይ ሰዎች እጅግ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ቤት ሠርተው ሲገቡ ይታያል። በ2018 ቢቢሲ ራሱ አመነ፤ ቤቱ ለቀረጻው ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሰዎቹ አይኖሩበትም። እኛም አገር ኦሞ ብትወርድ ሙርሲዎች ለጎብኚ ካሜራ ሲሉ በዘወትር ኑሯቸው የማያደርጉትን ጌጥ ይደረድራሉ። ፎቶ አንሺው የሚከፍለው ለእሱ ነዋ። ጣቢያ ሲጋለጥ መግለጫ አውጥቶ ወደ ሌላ ፕሮግራም ያልፋል። አንተ ግን በማግስቱም ደባርቅ ነህ፤ ገበያ ላይ ከሰውዬው ጋር ትገናኛለህ።

እምቢ ስትል ግን ባዶ እጅህን እንዳትሄድ። «ጭላዳ ገብሳቸው ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያባርሩት ይንገሯችሁ፣ ከስልካቸው ጋር ይቀረጹ» በላቸው። ፕሮዲውሰር የሚፈራው ባዶ ሰዓት ነው። የተሻለ ትዕይንት ካመጣህለት የመጀመሪያውን ረስቶት ያድራል።

ሲቪው ላይ ግን አልደራደርም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ካሉ ሌሎች ፕሮግራሞች የአንዱ አቅራቢ ስለ ውትድርና አገልግሎቱ የሰጠው መረጃ ትክክል አለመሆኑ ሲታወቅ ከፕሮግራሙ ወጥቷል። ጫካውን ማወቁ አላዳነውም። ደግሞ ያንተ ጫካ እኮ ፓርክ ነው! ፓርክ ውስጥ ያደገ አዳኝ ማለት ሕገወጥ አዳኝ ማለት ነው። ያ ሲቪ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ቀን ጉድ ፈላ። ያደረግከውን ጻፍ። የትኛውን መንገድ በእግርህ እንደምታውቀው፣ ከስንት ሰው ቡድን ጋር እንደሠራህ፣ ከፍታ የመታውን ሰው በራስ ምታቱና በማስመለሱ ለይተህ ወደ ታች ያወረድክበት ጊዜ ካለ እሱን። ለቀረጻ ቡድን ይሄ ከአዳኝነት በላይ ዋጋ አለው።

ከሁሉ በላይ ልነግርህ የፈለግኩት ግን ስለ ታንኳው ነው። ማሰሩን በደንብ የሚያውቀው ሰው ስክሪን ላይ አልነበረም። አንተ ዓይንህን የጣልከው አቅራቢው ወንበር ላይ ነው። እዚያ የሚቀመጡት በዓለም ላይ በጣት ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹም ጣቢያው የሚገኝበት አገር ልጆች ናቸው። ከካሜራው ጀርባ ግን ብዙ ወንበር አለ። የደኅንነት ኃላፊ፣ ሐኪም፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርጽ ካሜራማን፣ ቦታ የሚያጠና፣ ኤዲተር። ሁሉም ቡድን ደግሞ ባዕድ አገር ሲገባ የአገሩን ሰው ይፈልጋል።

ፊክሰርነት አስተርጓሚነት ብቻ ይመስላቸዋል። እስቲ አንድ ጠዋት ላሳይህ። ገና ሳይነጋ በቅሎዎቹ መጫን አለባቸው፤ ትናንት የተስማማው ባለ በቅሎ ዛሬ ጭነቱ በዛ ብሎ ዋጋ ይጨምራል። የካሜራው ባትሪ ሌሊቱን ውጪ አድሮ ከሆነ ብርዱ ጨርሶታል፤ የሚያውቅ ፊክሰር ማታውኑ መኝታ ከረጢት ውስጥ ታቅፈውት እንዲያድሩ ነግሯቸዋል። ድሮናቸው ፈቃድ ሳይወጣለት ስለመጣ ቦሌ ጉምሩክ ቀርቷል፤ እነሱ አሁንም «መቼ ይለቀቃል?» ይሉሃል። አቅራቢው ራሱን አሞታል፣ ግን መቅረጽ ይፈልጋል። «ዛሬ አትወጣም» የሚለው ማነው? አንተ ነህ። ለዚህ ነው የሚከፍሉህ።

ስለዚህ በቀረህ ዓመት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ተማር። ቀይ መስቀል ማኅበር ሥልጠና ይሰጣል፤ ከእሱ ጀምር። የውጭ ቡድኖች በደንብ የሚያውቁት «ዋይልደርነስ ፈርስት ሪስፖንደር» የሚባል ከ70 እስከ 80 ሰዓት የሚወስድ ኮርስ አለ፤ ውድ ነው፣ ዕድሉ ሲገኝ አትለፈው። ጎን ለጎን በስልክህም ቢሆን ኤዲቲንግ ሞክር። ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደሚቀር ካወቅህ ፕሮዲውሰሩ ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቅህ ይገባሃል፤ መቼ እንደሚያታልልህም።

አቅራቢ የመሆን ሕልምህን ተወው አላልኩም። ስልክ አለህ፣ ተራራው ደጅህ ነው። አጭር አጭር ነገር በአማርኛ ሥራ። ከፍታ ሲመታ ምን ይደረጋል፣ ጉም ሲወርድ ምን ይደረጋል። ወጥ ቤቱንም አሳየው፣ ስካውቱንም አሳየው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ቋንቋ እምብዛም አላየሁም።

ሥራውን ተቀበል። ግን ከመፈረምህ በፊት የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን በጽሑፍ አግኝ። የቀን ክፍያህ ስንት ነው፣ ከሰዓት በላይ ስትሠራስ፣ ስምህ መጨረሻ ላይ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ይገባል ወይ፣ የሰፈሩን ሰዎች ምን እንዲሉ የሚወስነው ማነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረህ ውሉን ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። አንተም ስካውቱም ብትጎዱ ማን እንደሚያሳክማችሁ ካልተጻፈበት ግን አትላክልኝ፤ መጀመሪያ እሱን አስጨምር።