ነገን አስቀድማችሁ ለማየት ለምትፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት የረጅም ጊዜ ዕቅድ ሥራ ላይ ነው። መንግሥት ነገን እንዴት አስቀድሞ ያያል ለምትሉኝ፣ ማየቱ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የሚያቅተው ያዩትን በጀት ውስጥ ማስገባት ነው።

ዮሃን ፋን ፌን የሚባል የኔዘርላንድስ መሐንዲስ ነበር። የባሕሩን ማዕበል ከመከላከያ ግድቦቹ ቁመት ጋር አስተያይቶ፣ ግድቦቹ ዝቅ ያሉ መሆናቸውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ያስጠነቅቅ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላም ገንዘቡ ለሌላ ነገር ተፈለገ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ሌሊት ማዕበሉ ግድቦቹን ጥሶ ገባ። እዚያው አገር ብቻ 1,836 ሰው ሞተ። መፍትሔ የሚያቀርበው የዴልታ ኮሚሽን የተቋቋመው ከአደጋው በኋላ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስሌቱ እኮ ተሠርቶ ነበር!

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ስትጽፉ አደጋውን ብቻ ዘርዝራችሁ አትተዉት። ዘንድሮ ምኑ ይጀመር? ማን ይሥራው? ምን ያህል ያስወጣል? ይህ የሌለው ሪፖርት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ሲናሪዮ መሥራት፣ ማለትም ነገ ሊመጡ የሚችሉ የተለያዩ ሁኔታዎችን አስቀድሞ መሳል፣ ጥንቆላ የሚመስላቸው አሉ። ሥራው ግን ቀላል ነው። ወዴት እንደሚሄዱ የማይታወቁ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ውሰዱ፤ ዝናቡንና የሥራ ገበያውን እንበል። ዝናቡ ቢበዛ ወይም ቢጠፋ፣ ሥራው ቢሰፋ ወይም ቢጠብ፣ አራት ዓይነት ነገ ይወጣላችኋል። በእጃችሁ ያለውን ዕቅድ በአራቱም ፈትኑት። በአንዱ ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ ገና አልበሰለምና መልሱት።

የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥንም በዕድሜ ከፍላችሁ ማንበብ ልመዱ። ዘንድሮ የተወለደ ልጅ መቼ ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ መቼ ሥራ እንደሚፈልግ፣ መቼ እንደሚጦር ከአሁኑ ይታወቃል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 የአረጋውያን እንክብካቤ መድን የጀመረችው ይህንኑ ቁጥር አይታ ነው።

የፊንላንድን አሠራር እወደዋለሁ። ፓርላማው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የመጪው ጊዜ ኮሚቴ አለው። መንግሥት በየምርጫ ዘመኑ ስለ መጪው ጊዜ ሪፖርት ያቀርባል፤ ኮሚቴውም መርምሮ ምላሹን ይሰጣል። እናንተም እንዲህ ያለ ቢሮ ስትገቡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሪፖርታችሁን አንብቦ በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ያለበት ማን እንደሆነ ጠይቁ። ማንም ከሌለ፣ ቀድማችሁ እሱን ለማስተካከል ታገሉ።